ማህተም ያጣው መርዶ

እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። የት እንዳለሽ አውቃለሁ፤ አፈሩ ሲመለስብሽ ቆሜ አይቻለሁ። ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቤቱ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ጣራው ያፈሳል። ጭቃ የምታቦኪበት ጉድጓድ ሣር አብቅሏል። ሠርተሽ ሳትተኩሻቸው የቀሩት ሁለት ድስትና አንድ እንስራ ክረምቱ ነክቷቸው ፈረሱ። ላነሣቸው እችል ነበር፤ አላነሣኋቸውም። ሸክላ በእጄ ከነካሁ ስንት ዓመቴ መሰለሽ።

እዚህ ቢቸና ሞተሻል። ገጠሩ ውስጥ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሕይወት ነበርሽ። ይህን ልንገርሽ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ተናድጃለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍሬያለሁ።

የሬዲዮ ጣቢያችን ነገር ገና ወሬ ሳለ ጣቢያ ይከፈትልን የሚሉ የገጠር ሴቶችን ፊርማና አሻራ ለማሰባሰብ ከቀበሌ ቀበሌ የዞርሽው አንቺ ነበርሽ። እስከ ሞጣ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ሬዲዮ የሌላቸውን ሴቶች አሥር አሥር አድርገሽ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ አስቀመጥሻቸው፣ የአድማጭ ቡድን አልሻቸው። መቅረጸ ድምፁን በእጃቸው እየሰጠሽ ስለ መሬት ደብተራቸው፣ ስለ ሴት ልጆቻቸው፣ ስለ ደረቀው ምንጭ ራሳቸው እንዲናገሩ አደረግሽ። የስቱዲዮው ግድግዳ ድምፅ እያስተጋባ ሲያስቸግር በጭቃና በጤፍ ጭድ የለሰንሽውም አንቺው ነሽ። ባለሙያዎቹ ደጅ ቆመው ያዩሽ ነበር። ልስኑ እስካሁን አልተሰነጠቀም።

ሻይ ሲቀዳ ግን ያንቺ ኩባያ ለብቻው መስኮት ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት፣ ሰው ትበላለች ብለው። ይህን የሚያደርጉት የተማሩት ነበሩ፤ ያውም ስለ እኩልነት ፕሮግራም ቀርጸው ሲወጡ። አንቺ ኩባያሽን አንሥተሽ ታጥቢና መልሰሽ መስኮቱ ላይ ታስቀምጪ ነበር። እኔ ያኔ ዓይኔን ወረቀቴ ላይ እተክላለሁ።

ማንበብ ያስተማርሽኝ ሳታነቢ ነው። ጭቃውን እያድበለበልሽ እኔ ከፊትሽ ተቀምጬ የትምህርት ቤት መጽሐፌን ጮክ ብዬ እንዳነብ ታደርጊኝ ነበር። ቃሉን አትዋጪው፣ ከጎረቤት ይሰማ ትይኛለሽ። ጎረቤት ይሰማ ነበር፤ ልጆቹን ግን ከእኔ ጋር እንዳይጫወቱ ይጠራቸዋል። ኋላ ጣቢያው ማስታወቂያ አንባቢ አድርጎ ሲቀጥረኝ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነበር ብለሽ ሳቅሽ።

ሐሙስ ሐሙስ በምታቀርቢው ፕሮግራም ላይ ሸክላ ሠሪ መሆንሽን አንድም ቀን ተናግረሽ አታውቂም። መጀመሪያ ድምፄን ይልመዱት፣ እጄን ኋላ አሳያቸዋለሁ ነበር ሐሳብሽ። ለገጠር ሴቶቹ ትርንጎ ነበርሽ፣ በቃ። እኔም ልጅሽ መሆኔን የሚያውቀው ቢቸና ብቻ ነው። አንቺ ጊዜው እስኪደርስ ነበር የደበቅሽው። እኔ ጊዜው እንዳይደርስ እጸልይ ነበር።

መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ሰው መርዶ በሬዲዮ መላክ ጀመረ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ያቺ የየጥኖራ ሴት ግን የልጇን ሞት ገበያ መሃል፣ ጤፍ እያስለካች፣ ከሰው ሱቅ ሬዲዮ ሰማችው። ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። አንቺ ሄደሽ ሦስት ቀን አብረሻት አለቀስሽ፣ ተመልሰሽም ደንብ ካልወጣ እዚህ ቤት አልገባም አልሽ። ቤተሰቡ መርዶውን መስማቱን እድሩ አረጋግጦ ማህተም ካላሳረፈበት በቀር የማንም ሞት በሬዲዮ እንዳይነበብ። የየእድሩን ዳኛ ደጅ ጠንተሽ ያስፈረምሽው አንቺ ነሽ።

ጥሩ ደንብ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ነው። የእኛ ሰፈር እድር ግን ሸክላ ሠሪ በአባልነት አይመዘግብም። ይህ ያኔ ለአንቺም አልታየሽም፣ ለእኔም አልታየኝም። የፈረሙት ሳይታያቸው አልቀረም።

ሳንባሽ እምቢ ብሎ ያረፍሽ ዕለት ጥሩምባ የነፋልሽ የለም፤ ድንኳንም አልተተከለልሽም። መቃብርሽ ላይ ቄሱን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ቆምን። በማግሥቱ ማስታወቂያሽን ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። አዘነ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። ከዚያ ማህተሙ የታለ አለኝ። ደንቡን ያወጣችው እሷው ናት፣ እኛ ብናፈርስባት ደስ ይላታል ብለሽ ነው አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ልዋሽሽ አልችልም። ተገላገልኩ። የሞት ማስታወቂያ የሟችን ልጆች በስም ይጠራል። ማህተም የለም ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስሜ ከስምሽ አጠገብ ሳይነበብ መቅረቱን ነው። እንባው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፕሮግራምሽ አልተቋረጠም። ቀርጸሽ የተውሽው ብዙ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ ይደገም አለ። ሐሙስ ሐሙስ ፍላሹን የምሰካው እኔ ነኝ። አንቺ ታወሪያለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ በመሃል ያቺ ደረቅ ሳል ታቋርጥሻለች፤ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። ለገበያ የሚመጡት የአድማጭ ቡድን ሴቶች ሽሮና ማር ያመጣሉ፣ ለትርንጎ ስጪልን ይሉኛል። ትንሽ አሟት ነው እንጂ ደህና ናት፣ እሰጣታለሁ እላቸዋለሁ። ማሩን በልቼዋለሁ።

መላ ያሳጣችኝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናት፣ ከመርጡለ ማርያም በኩል የምትመጣዋ። ከዓመታት በፊት ትንሽ ልጇን ልትድር ቀን ቆርጣ ሳለ ያንቺን ፕሮግራም ሰምታ ሠርጉን አፍርሳ ነበር። ልጅቷ ተማረች፣ በፈቃዷ አገባች፣ ወለደች። በአንድ ቅዳሜ ጥሩወርቅ የልጅ ልጇን አዝላ ጣቢያው ድረስ መጣች። ትርንጎ ብለናታል፣ ለባለ ስሟ ላሳያት ነው፣ እስቲ ቤቷን አሳዪኝ የኔ እመቤት አለችኝ። ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ነይ ብዬ ሸኘኋት።

ሐሙስ ፍላሹን አልሰካሁም። ማይኩን ከፍቼ፣ ያለ ማህተም፣ ሞትሽን አነበብኩ። ካረፍሽ ዓመት ማለፉን፣ ይህን ያህል ጊዜ መደበቃችንን ተናገርኩ፤ ቤትሽ የት ሰፈር እንደሆነም ጨምሬ ነገርኳቸው። የራሴን ስም ግን አሁንም ዘለልኩት። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ዕለት ከማይክ አነሣኝ።

ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ ደረታቸውን እየመቱ፣ እናታችን፣ ሳናይሽ፣ ሳንቀብርሽ እያሉ። ድምፃቸው ሲሰማኝ ደስ አለኝ፤ በልቅሶ ደስ የሚለው ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሌሊቱን የዘፈዘፍኩትን ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ቀቅዬ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ የገሉን ክምርና ሸክላው የሚተኮስበትን አመድ አዩ። ጥቁር ለብሼ መደብ ላይ የተቀመጥኩትን እኔንም አዩ፤ በድምፄ የሚያውቁኝ፣ በማሩ የሚያውቁኝ። ለቅሶው ሬዲዮ እንደተዘጋ ቀጥ አለ።

አንዲቱ፣ ሸክላ ሠሪ ኖራለች እንዴ አለች። ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። ጥሩወርቅ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ከእኔ ዓይን ነው የሸፈነቻት። ከዚያ በዚያው ነጠላ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች፣ ባለፈው ቅዳሜ እኔን የሳመችበትን ከንፈር። ጠልታኝ ያደረገችው አይመስለኝም። ሳታስበው ነው የጠረገችው፤ ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ከደጅ ሆነው ነፍስ ይማር ብለው ተመለሱ። ሁለት ሴቶች ብቻ ገብተው ተቀመጡ። አንደኛዋ ንፍሮውን ዘገነች፣ አማትባ አፏ ውስጥ ጨመረችው። በአገሩ ሁሉ ያንቺ ሥራ ፍሬ ይህች ብቻ ከሆነች ድካምሽ ያሳዝነኛል። ከሳምንት በኋላ የጥሩወርቅ የልጅ ልጅ ስሟ መቀየሩን ከገበያተኛ ሰማሁ።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። የሐሙሱን ሰዓት የሚይዝ ሰው አላገኘም። ግማሾቹ ቡድኖች ፕሮግራሙ የት ደረሰ ይላሉ፣ ግማሾቹ እንዳይመለስ ይላሉ አሉ። ስለ ቤተሰብ ምንም ሳታነሺ ተመለሺ አለኝ። እሺ አልኩት። የምዋሸው ግን እሱን ነው፤ ነገ ማይኩ ሲከፈት መጀመሪያ የምናገረው፣ እኔ የሸክላ ሠሪዋ የትርንጎ ልጅ ነኝ የሚለውን ነው። ምናልባት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳልደርስ ያወጡኛል። ስንት ሰው ሬዲዮውን እንደሚዘጋም አላውቅም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ይህን የሚነግር መሣሪያ የለም።

አልረሳሽም ብዬ ልሰናበትሽ ነበር። ግን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳልረሳሽ ነው የካድኩሽ፣ ስለዚህ ያ ቃል ለአንቺ ምንም አይረባሽም። የምገባልሽ ቃል ይህ ነው፦ ከነገ ጀምሮ ማን ነሽ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ፣ የራሴን ስም ከመናገሬ በፊት ያንቺን እናገራለሁ።

ልጅሽ
የውብዳር