አባባ ላይክ ያደረጉት ሳጥን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለአየሁሽ ይስማው፣ ካለሽበት ኩዌት።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብዙ በቆምሽ ቁጥር የሚያብጠው እግርሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍሽስ? አሠሪሽስ ዛሬም እንደ ድሮው ትጮህብሻለች ወይስ ልብ ገዛች? እኛ ክረምቱን በደህና ወጣነው፤ ቤቱም ልጆቹም ደህና ናቸው። አላስተኛን ያለን ያንቺ ነገር ነው። ይኸው ሃያ ሦስት ቀን ሆነው፣ ስልክሽ አይነሳም። መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ አሁን መጥራቱንም ተወው። የላክሁልሽ ድምፅ ሁሉ ሳይሰማ ተከምሮ ቀረ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ዝም ሲሉኝ ሆዴ አይችልም። እስክሪብቶን ለእንጨት ምልክት ካልሆነ በቀር ካነሣሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር፤ ለአንቺ ስል አነሣሁት። የዶሮ ጭረት ነው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ወይም ሳቂ፣ ሳቅሽን ባገኘሁት።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ጸደንያ ናት፣ የእድራችን ዳኛ የአያ ቢያድግልኝ ልጅ። እዚያው ኩዌት ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው። በእጅሽ ካልሆነ ለማንም እንዳትሰጥ፣ ፊትሽንም አይታ እንድትነግረኝ ቃል አስገብቻታለሁ። ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ነገሩን ከሥሩ ስነግርሽ ይገባሻል። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሥራህን ፌስቡክ ላይ ለጥፍ፣ ሰው ይይልህ ብለሽ የመከርሽኝ አንቺ ነሽ፣ አላማሁሽም። ሚስቴ ሰብለ ወንጌል በስልኳ እያነሳች ትለጥፍልኝ ጀመር። ያንን ባለ ዘውዱን የዋንዛ አልጋ የለጠፈች ጊዜ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዘጠኝ መቶ ሰው ወደደው! ከየጥኖራ፣ ከአማኑኤል፣ ስሙን ማንበብ ከማልችለው አገር ሁሉ። ምሳዬን ትቼ ላይክ ስቆጥር የምውል ሰው ሆንሁ። ዘጠኝ መቶ ሰው ከወደደው ዘጠኝ ሰው እንዴት አይገዛኝም ብዬ ሌላ ሦስት አልጋ ሠራሁ። ማን መጣ? ውሻ አልመጣም። አያ ቢያድግልኝ በደጄ ባለፉ ቁጥር ገባ ይሉና፣ ገላው፣ ይኼ ላይክ የሚሉት ነገር ይጠረባል ወይ፣ ምስማርስ ይይዛል ወይ እያሉ ያሾፉብኛል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት የኔ ነገር ሆነ። ከአራቱ አልጋ የተሸጠልኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም የገዛኝ የደብረ ወርቅ ሙሽራ ነው፤ ፌስቡክ የሚባል ነገር አያውቅም። አክስቱ ድሮ እኔ የሠራሁት አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሲገላበጡበት አይጮህም ብላ ነግራው ነው የመጣ።

ከዚያ ነው ጥፋቱ የመጣ። አባባ መጋዝ ሲያስይዙኝ የነገሩኝን ታስታውሻለሽ? ሬሳ ሳይኖር የሬሳ ሳጥን አይሠራም። መጀመሪያ ጥሩምባው ይነፋል፣ ከዚያ ገመድህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ከሟቹ ላይ ልኩን ትወስዳለህ፣ ገመዱም ከሬሳው ጋር ይቀበራል። ባለቤት የሌለው ሳጥን ባለቤቱን ይፈልጋል ይሉን ነበር። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ነው የሠራሁ። ዘንድሮ ግን የመስቀል ሰሞን ተናድጄ፣ አልጋ ባይፈልግ ሳጥን የማይፈልግ ሰው የለም ብዬ፣ የማንንም ልክ ሳልወስድ በግምት አንድ ሳጥን ሠራሁ። ውስጡን በአቡጀዴ፣ ላዩን በሐምራዊ ከፋይ ለበጥሁት፣ መስቀሉን በወርቅማ ቀለም ቀባሁት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደዚያ ያማረ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ሰብለ ወንጌል እኔስ አላነሳም አለች። ስልኩን ተቀብዬ ራሴ አንስቼ ራሴ ለጠፍሁት።

አንድ ቀን ሙሉ የነካው ሰው አልነበረም። ሳጥን ማን ይወዳል? በማግስቱ አንድ ላይክ መጣ። ከፊት ለፊቴ ፈትል የምትሸጠው ውበቴ ናት። ከሱቋ ሆና፣ ገላው፣ ማንም ሳይነካልህ ቢቀር አሳዝነኸኝ ነው እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። በአራተኛው ቀን ከገበያ ተመልሳ፣ ትንሽ ልረፍ ብላ መደቧ ላይ ጋደም እንዳለች ቀረች። ጉንፋን እንኳ አልነበረባት። ልጆቿ ሲጠሩኝ ገመዴን ይዤ ሄድሁና ለካኋት። ተመልሼ ገመዱን ያ የተሠራው ሳጥን ላይ ብዘረጋው ቁርጥ ልኳ ሆነ፣ እታለም። የጣት ያህል እንኳ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ለማንም አልተናገርሁም።

ያን ጊዜ ምስሉን ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም፣ እውነቱን ልናዘዝልሽ። በውበቴ ቀብር ላይ ሰዉ ሁሉ ሳጥኑን አይቶ ስላደነቀ፣ ሥራ ጎረፈልኝ። ያ ዘጠኝ መቶው ያላመጣውን ያንድ ሟች ላይክ አመጣልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር! እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለተኛው መምህር ዘመነ ነው፣ አገሩ ወሎ የሆነ፣ እዚህ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ። እሱ ደግሞ ሳጥኑን ስለወደደች ሞተች የሚሉት ሁሉ የባላገር ወሬ ነው ብሎ፣ በሻይ ቤት ሰው እያየው የፌስቡኩን የሚስቅ ፊት ሳጥኑ ላይ አስቀመጠበት። ሳምንት አልሞላውም። ጠመኔ እንደያዘ ሰሌዳው ሥር ወደቀ አሉ፤ ደም ግፊት ነው ተባለ። እሱንም የለካሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ብቸናን ብታይያት ባላወቅሻት። ሴቶቹ በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ነው። ልጆች ስልክ ከያዙ እናት ትጮኻለች። ሰላምታ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ሆነ። ደግሞ የሚያስቀውም የሚያስፈራውም፣ ከአልጋው ላይ ሳይቀር ላይካቸውን እየነቀሉ ወሰዱት። ዘጠኝ መቶው ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሰው ከለቅሶ ቤት አንድ አንድ እያለ ሲወጣ ይመስል ነበር። ሰብለ ወንጌል አጥፋው፣ በልጆችህ አምላክ አጥፋው ትለኛለች፤ እኔ ካጠፋሁት ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ማመኔ ነው እያልሁ እልህ ተጋባሁ።

ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን በጠዋት ስልኩ ጢን አለ። ከፈትሁት። ሳጥኑን ይስማው የሚባል ሰው ወዶታል ይላል። ፎቶው የአባባ ነው፣ ያ አንቺ በመጣሽበት ዓመት ጥምቀት ላይ ጋቢ ለብሰው ያነሳሻቸው። ምስሉን ያን ጊዜውኑ አጠፋሁት፤ ምን ዋጋ አለው፣ የተነካ ተነክቷል። ስልክሽ መነሳት ያቆመውም በዚያው ቀን ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያንቺን ልብ አላልሁትም፣ ልቤ ሁሉ አባባ ጋ ሞጣ ነበር። እሳቸው ጋ ያለችው እህታችን ምስራቅ ጋ ብደውል መሥመሩ የለም። መንገዱም ተዘግቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሲከፈት መኪና አግኝቼ ሄድሁ። ግንደወይን ላይ የቆሙ ሰዎች ባየሁ ቁጥር ለቅሶ የሚመለሱ እየመሰሉኝ ነው የደረስሁ።

አባባ ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲያዩኝ፣ ምነው፣ ማን ሞተ አሉኝ። ጉልበታቸውን ይዤ አለቀስሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፣ ሳጥኑንም፣ ውበቴንም፣ መምህሩንም፣ የሳቸውንም ላይክ። ይቆጡኛል ስል አልተቆጡም። እኔ ምን ስልክ አለኝና ነው የምነካልህ አሉኝ። ምስራቅ ያንን የላክሽላቸውን ስልክ ከቁም ሳጥን አውጥታ አሳየችኝ። ፊቱ ከነሐሴ ጀምሮ ተሰብሮ፣ ባትሪውም ሞቶ ተቀምጧል። ከዚያ ምስራቅ ናት ያለችው፤ የአባባን ገጽ የከፈተችው እታለም አይደለችም ወይ፣ በሷ ስልክ ውስጥ እኮ ነው ያለው፣ የኔንም ፎቶ በአባባ ስም የምትወድልኝ እሷ ናት አለች።

እታለም፣ ደስታዬ ያንዲት ትንፋሽ ያህል ነው የቆየ። አባባ አልነኩትም ብዬ እፎይ እንዳልሁ፣ እንግዲያ የነካው ያንቺ ጣት ነው የሚለው ነገር መጣብኝ። በሥራ መሃል እየሮጥሽ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታይ፣ ወንድሜን ላበርታው ብለሽ እንደነካሽው አውቃለሁ። የዋህነትሽን አውቃለሁ። አባባ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ለምስራቅ ሰጧትና ገመድህን አውጣ አሉኝ። ኧረ አባባ፣ የቁም ሰው አይለካም ብላቸው፣ የቁም ተዝካር የሚያወጣ የለም ወይ፣ እኔም የቁም ሳጥን አወጣሁ አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለኛ ሳይሆን ለሌላ ለማናየው ሰው የሚናገሩ ይመስል፣ የተጻፈው ስም የማን ነው፣ ይስማው አይደለም ወይ፣ ስሙ የኔ ከሆነ ሳጥኑም የኔ ነው አሉ።

ለካኋቸው። ሬሳ መለካት ለምጄ የሕያው ሰው ልክ እንዲህ አስቸጋሪ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሲተነፍሱ ደረታቸው ይሰፋል፣ ገመዱ ይንሸራተታል፣ ልኩ አልቆም አለኝ። ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሦስት ልክ ሆነ። ትንፋሻቸው ፀጉሬን ይነካኛል። አባባ ትንሽ ትንፋሽዎን ይያዙልኝ ማለት አቃተኝ፤ እንዴት ብዬ ልበል? የሚበልጠውን ልክ ይዤ ብቸና ተመለስሁና ሠራሁት፣ ወስጄም ሞጣ አደረስሁላቸው። ጎተራው ሥር አስቀምጠው ባቄላ ጨምረውበታል። ጠዋት ጠዋት ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ምስራቅ እዚያ እጇን ሰድዳ ባቄላ ማውጣት ስለምትፈራ ሽሮ ብቻ ሆነ የምንበላው እያለች ታማርራለች።

ኅዳር አሥር ቀን ደግሞ፣ ገጹ ላይ ቀርቶ የነበረውን የበርጩማ ምስል ይስማው ወዶታል የሚል መጣ። አቤት እንዴት እንደጮኽሁ! አለች፣ እህቴ አለች ብዬ መጋዜን ጥዬ ግቢውን ዞርሁት። ዘጠኝ መቶው ላይክ ለዚህች ለአንዲቷ አይበቃም ነበር። ሰብለ ወንጌል ግን በሩ ላይ ቆማ አየችኝና፣ ጣት እኮ ድምፅ የለውም፣ ስልኩን ማን እንደያዘው በምን አወቅህ አለችኝ። ወዲያው ደወልሁልሽ። አልጠራም። ከዚያ ወዲህ ያቺን ምልክት ባየኋት ቁጥር አንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዴ ብርድ ብርድ ይለኛል። ከመስተዋት ጀርባ ሆኖ አውራ ጣት የሚያሳየኝ ማን ነው እላለሁ።

ስለዚህ እታለም፣ ከእንግዲህ ምንም አትውደጂልኝ። አልጋዬንም፣ በርጩማዬንም አትንኪልኝ። ሰው ከፈለገኝ ደጄን ያንኳኳ፣ አንቺም ከወደድሽኝ ድምፅሽን አሰሚኝ። ስልክሽ ጠፍቶም ቢሆን፣ አሠሪሽ ወስዳብሽም ቢሆን፣ ለጸደንያ ሁለት መስመር በእጅሽ ጽፈሽ ስጫት። የእጅ ጽሑፍሽን ከሺህ ሰው ጽሑፍ ለይቼ አውቀዋለሁ። ታምሜ ነበር በይ፣ ተቆጥቼህ ነበር በይ፣ የፈለግሽውን በይ። ብቻ ከአንቺ ይምጣ።

ሰብለ ወንጌል ሰላም ብላሻለች፣ በየጠዋቱ ስምሽን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ልጃችን ንጋት አክስቴ ትምጣ ትላለች፤ ጥርሷ ወልቋል። ምስራቅ በጣም ናፍቃሻለች፣ የአባባን ገጽ ወሬ ያነሳሁት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ትወቅሳለች፤ አይዞሽ በያት። አያ ቢያድግልኝ ማሾፋቸውን ትተው እንዴት ናት እያሉ ይጠይቁኛል። አባባ ሳጥኑን ባደረስሁላቸው ጊዜ መልእክታቸውን ሲሰጡኝ አልቀመጥም ብለው ቆመው ነው የተናገሩት፤ ስሙ የኔ ነው፣ ሳጥኑም የኔ ነው በላት፤ እሷ መጥታ እኔን ትቅበረኝ እንጂ እኔ እሷን አልቀብርም ብለዋል።

ወንድምሽ ገላው ይስማው

ብቸና፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.