ሌንስ የለም

ጥቅምት 4
አዲሱን ካሜራ ይዤ የቲያትር ልምምድ ገባሁ። አዲስ ስል ለእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ተገልግሎበታል። ውስጡ መስታወት ስለሌለው ሲያነሳ አይሰማም። የገዛሁትም ለዚሁ ነው። የቲያትሩ አዘጋጅ፣ እኛ ጄኔራሉ የምንለው፣ «ያ ቀጭ ቀጭህ አንድ ቀን ከነካሜራህ ያስወጣሃል» ብሎኝ ነበር።
ሌንሱ ግን የድሮው ነው። የሌላ ፋብሪካ ሥራ፤ አዳፕተር በሚባል ማገናኛ ነው የተጋጠመው። ጨለም ሲል የሚያጠራው ፊት ፍለጋ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ... ክርርር።
ባለቤቴ፣ የቲያትሩ ዋና ተዋናይ፣ ሳቀችብኝ። «ዝም የሚል ካሜራ ገዝተህ የሚያጉረመርም ሌንስ አሰርክበት?»

ጥቅምት 8
ልምምዱ ተቋረጠ። በእኔ። መጨረሻው ላይ ባለቤቴ ብቻዋን ቆማ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩራዝ እፍ ብላ ታጠፋለች። አዳራሹ ጸጥ። ሌንሱ መፈለግ ጀመረ።
«ማነው እዚያ ጋ የሚያኝከው?» አለ ጄኔራሉ።
ሁሉም ዞሩ።
ቲያትሩ የሚታየው አንድ ቀን ብቻ ነው። ለባለቤቴ ደግሞ መሰናበቻዋ፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ሃያ ዓመት መድረክ ላይ አንስቻታለሁ... ያቺን ኩራዝ ስታጠፋ ካመለጠችኝ አለቀ።
«ከማጥፋትሽ በፊት ትንሽ ብትቆዪልኝስ?»
«ለካሜራ ቆሜ አላውቅም። በመሰናበቻዬ ልጀምር?»
እውነቷን ነው። ታዲያ ለምን አኮረፍኩ?

ጥቅምት 10
ሞኝነት። ኢንተርኔት ላይ ለአዳፕተሩ አዲስ ሶፍትዌር አገኘሁ። ፍለጋውን ያፈጥናል ይላል። ጫንኩት። አሁን ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃል ብቻ፦ ሌንስ የለም። ነቀልኩ፣ ወለወልኩ፣ መለስኩ። ሌንስ የለም።
በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው ታዲያ?

ጥቅምት 11
ሚስማሩ የምንለው ካሜራ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ።
«ጋሼ፣ ይሄ ሌንስ እስከ ዛሬ በሰው ስም ነበር የሚገባው። የካሜራው ፋብሪካ ልጅ ነኝ እያለ። አዲሱ ሶፍትዌር መታወቂያ ጠየቀው።»
«ወደ ድሮው መመለስስ?»
«የእርስዎ አዳፕተር ወደ ኋላ አያውቅም። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካሉ?»
ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ ገፋሁለት።
ሌላ ሌንስ አለው፤ ለኩራዝ ብርሃን የሚበቃ ግን የለም። በመጨረሻ የሌንሱን ጀርባ፣ ከካሜራው ጋር የሚነጋገርባቸውን ነጥቦች፣ በቀጭን ቴፕ ሸፈናቸው። ካሜራውንም ያለ ሌንስ እንዲያነሳ ፈቀደለት። አነሳ። ግን ፊት መፈለግ በእጄ ሆነ፤ ሌንሱም ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቀረ። እንዲህ ሲከፈት የሚያጠራው ጥቂት ስለሆነ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይጠፋል። በእጅ የማዞረው ማጥሪያ ቀለበት ደግሞ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲዞር ሲጥ ይላል።

ጥቅምት 12
መስቀያ ላይ የተንጠለጠለውን የባለቤቴን ካፖርት በኩራዝ ብርሃን እያነሳሁ ዋልኩ። አንዱ ቁልፍ ሲጠራ ቀጣዩ ይሟሟል።
«ካፖርቴስ ቆመልህ?»
«ካንቺ ይሻላል።»
በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ... እሱ ነው የሚያስፈራው።

ጥቅምት 13
ነገ ነው። ቀለበቱን ዘይት ላስነካው? ተወው። የነካሁት ይበቃኛል።

ጥቅምት 15
ትናንት። ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥጉ ላይ። መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ኩራዙ ብቻ ቀረ። ቀለበቱን አዞርኩ... አለፍኳት። መለስኩ... ሲጥ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ አንገቱን አዞረ። ጄኔራሉ ከመጋረጃው ጎን ብቅ አለ። እሷ ጎንበስ አለች። ከንፈሯን አሞጠሞጠች። አለቀ አልኩ።
አላጠፋችም።
ትንፋሿን ይዛ፣ ዓይኗን እሳቱ ላይ ተክላ ቆየች። በልምምድ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሲጥ... ሲጥ... ሽፋሽፍቷ ጠራ። እጄ ቆመ። ተጫንኩ።
ያኔ እፍ አለችው።
ጄኔራሉ ስንወጣ ያዘን። «አንተን ከእንግዲህ እዚህ ደጅ እንዳላይህ። አንቺን ደግሞ ምን ገተረሽ?»
«ጉልበቴ» አለችው።
ዛሬ ጠዋት ምስሉን ከፈትኩላት። አንድ ዓይኗ ቁልጭ ብሏል። ፀጉሯ ጭስ ነው።
«እውነት ጉልበትሽ ነበር?»
ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ጆሮዬን የት አደረስከው?»
«ጠፋ። ሌንሱ ክፍት ነው፣ ሁሉን አይዝም።»
«ሲጥ ሲጥ እያልክ ስትፈልገኝ የሰማሁህ በእሱ ነበር እኮ።»
ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።
ከሌንሱ ጀርባ ቴፑን አልላጥኩትም።