መብራት ያስያዝከኝ ሞተር

ወንድምዓለም፣ ሙልዬ፣ ምነው እንዲህ ታደርገኛለህ? ካረፍክ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ቀርቶሃል፤ እኔ ግን ሰላምታውን ትቼ ልቆጣህ ነው የተነሣሁት።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ ጫማህ ልክ ሆኖኛል። እማዬ ከማድቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል አሁንም አትገባም፤ ሞተር ብስክሌትህ እዚያ ሸራ እንደለበሰች ነበረች። አባባ ደግሞ ለሙት ዓመትህ ከዕድሩ የሚመጡትን ድስቶች የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። እስከዚያ ካልተነሣች ለቁራሌው እሸጣታለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ።

ሸራውን ገለጥኩ። በታንከሯ የቀረው ቤንዚን የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። ደፋሁትና አዲስ ገዛሁ። ዘይቷን ከቤንዚኗ ጋር ቀላቅላ እንደምትጠጣ አውቃለሁ፤ “ለአንድ ሊትር አራት ክዳን” ስትል ሰምቼሃለሁ። የምን ክዳን? የውኃው? የለስላሳው? የራሱ የዘይቱ? በትልቁ ለካሁ። ማስነሻዋን ብረግጥ ሁለቴ ሳለች፣ ግቢውን በጭስ ሞላችውና ጸጥ አለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ያሰጡትን ነጠላ እየሰበሰቡ “ሞተር ነው ወይስ እርጥብ እንጨት?” አሉኝ። እሳት የምትጭርላትን ካንዴላ ብፈታ በዘይት ርሳ ጠቁራለች። ቀጥዬ ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀውን ካርቡራቶር ፈትቼ ቀጭን የናስ ቀዳዳውን በሽቦ ወጋሁት። ከዚያ ወዲያ መሳሉንም ተወች። ስረግጣት ውዬ እግሬ አበጠ።

በየእሑዱ “መብራት ያዝ” ትለኝ ነበር። እጄ ዝሎ መብራቱ ሲወዛወዝ ትቆጣኛለህ። አንዲት ብሎን አስነክተኸኝ ታውቃለህ? ያን ሁሉ እሑድ ያየሁት የእጅህን ጀርባ ብቻ ነው። ጊዜ ያለን መስሎህ ነው፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ሲመረኝ ካርቡራቶሩን በደብተር ቦርሳዬ ከትቼ አዘዞ ወረድኩ፤ አያ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ጋራዥ አላቸው ብለውኝ ነው። ገና ከቦርሳው ሳወጣው “ይች የሙሌ አይደለችም?” አሉ። ወንድሙ ነኝ፣ ሲሠራት መብራት የምይዝለት ስላቸው መጀመሪያ ነፍስ ይማር አሉ፤ ቀጥለው ሳቃቸው አመለጣቸው። “ሙሌማ በየወሩ ልክ እንዲህ አቅፎ ያመጣልኝ ነበር! ቁልፍ እንኳ ገልብጦ ነበር የሚይዝ። አንተ መብራት ያዝህለት፤ ሥራውን የሠራሁ እኔ ነኝ።”

ሙሌ! እኔ ፊት ፈትተህ የምትገጥመው ለታይታ ነበር?

አያ ይማም በሽቦ ያበላሸሁትን ባለቀዳዳ ናስ ከአሮጌ ካርቡራቶር ባወጡት ቀየሩልኝ፤ በሽቦ ሳይሆን በትንፋሽ ነው የሚጸዳው ብለው ገሠጹኝ። የዘይቱንም መለኪያ አሳዩኝ፤ የውኃው ክዳን ነው። አየሩን የምትመጥነውን ብሎን ግን አልነካም አሉ። “ለወንድምህ እየሠራሁለት ምን ተማረ? ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ልኳን በጆሮህ ፈልጋት።”

በሚኒባስ ስመለስ በንዴት ጥርሴን አፋጭ ነበር። ከሁሉ የሚያናድደው ምን መሰለህ? ይህን ጉድህን ብነግረው ከልቡ የሚስቅልኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ብሎኗን ሩብ ዙር አጥብቄ፣ ሩብ ዙር አላላሁ። ዓርብ ዕለት ተነሥታ ሳትጠፋ ቆየች። ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነዳኋት።

ሰዎች ሲያነሡህ ባለሙያ ነበር ይላሉ፤ ይበሉ። እኔ ግን ቁልፍ ገልብጦ የሚይዘውን፣ ታናሹ ፊት ማፈር ያልወደደውን ሙሌን ነው የማስታውሰው። እሱን አልረሳውም፤ ቃሌ ነው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት በጥርጊያው መንገድ ዳገቱን ወጣሁ። አናቱ ላይ ታፈነች። ወርጄ ብሎኗን ጥቂት አላላሁላት፤ ተነፈሰች። ግቢ ስደርስ እማዬ የቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ ወደ ውስጥ አልተመለሰችም። አባባ የሞተሯን ድምፅ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ “ታዲያ ድስቶቹን የት ልናደርጋቸው ነው?” አለኝ።

መኝታ ቤታችን ገባሁ። አልጋህን ፈትቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩትና፣ ለድስቶቹ ቦታውን ጠረግሁ።