የዓሣ ቆዳ ክፍሉ የውኃ መውረጃ

ለውድ ልጄ ለኦኬዮ፤
የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ኪሱሙ ከነሐይቃችን ደኅና ነን፤ አባትህም በጣም ናፍቀኸዋል።

የዓሣ ቆዳ የምናለፋበት ክፍል ውስጥ ውኃ መተኛቱ ቀረልን፤ አባትህ ወለሉ ላይ መውረጃ ሠራለት። የመውረጃውን ክዳን ልንገዛ አብረን ሄደን ባለሱቁ የፕላስቲክና የብረት ሲያቀርብለት ሁለቱንም በጣቱ ሲዳብስ ቆየና፣ «ብረቱን ስጠኝ፤ ከሥሩ ወንፊት አለው፣ ቅርፊቱን ይይዝልኛል» አለ። የቱቦውን ልክ እኔ አነበብኩለት።

ቤት ገብቶ ቱቦውን ቀበረና ወለሉን ወደ መውረጃው ዘቅዘቅ አድርጎ በሲሚንቶ ለሰነው። ሲደርቅ እኔ ውኃ ሳፈስ እሱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠ። «ወረደ!» ብሎ እንደ ልጅ ሳቀ። ጥግ ላይ ኩሬ መቅረቱን ስነግረው ሳይሰለች አፍርሶ አስተካከለው።

የክዳኑን ዙሪያ ነጭ ቀለም ቀባሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ መውረጃውን ልትድሪው ነው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ትናንት ደግሞ ፎቶ ከግድግዳ በዳበሳ አውርዶ ለጎረቤታችን፣ «ልጄን ኦኬዮን እየው» አለው። የእህትህ ፎቶ ነበር። ጎረቤታችን ቀና ብሎ አየኝና፣ «እንዴት ያለ መልከ መልካም ልጅ ነው!» አለ። እኔም አዎን አልኩ።

ለገና ፎቶ አትላክ፤ ራስህ ና። ነገ ዛሬ አትበል።

መንገድህን አምላክ ያቅናልህ።
እናትህ አዶንጎ