ውሃ ያልጠማው ታፖሎጎ

ውድ ኦራቲሌ፣

ሞፒፒ ደርሻለሁ። እዚህ እንደ እኛ ሎባትሴ ኮረብታ የለም፤ ነጭ የጨው ሜዳ ብቻ ነው፣ ዓይን የሚያርፍበት የለውም። የመጣሁት ታፖሎጎን ፍለጋ ነበር። እንደ እኔው ገና በማኅፀን ሳለ፣ ድርቅ እንዲችል ብለው ዘረ መሉን የለወጡት ሰው ነው። ለካ አምና ሞቷል።

እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር። "እኔም ውሃ ጠምቶኝ አያውቅም" ስላቸው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

"እርጉዝ ሳለሁ ጤና ጣቢያ መርፌ ወጉኝ፤ ለደም ነው አሉኝ" አሉ። "እኔን ያልጠየቁ እሱን ሊጠይቁት ነው? የሰው ልጅ ከእንቅልፉ እየባነነ 'እማ፣ ውሃ' ይላል። የእኔው አንድ ቀን እንኳ ሳይለኝ አድጎ ሄደ። ጎረቤቶቼ ደግሞ 'ታድለሽ፣ የማያስቸግር ልጅ!' ይሉኝ ነበር።"

ይኼን ጊዜ "እማማ፣ ውሃ ጠማኝ" አልኳቸው። በሕይወቴ ብዬው አላውቅም። መዋሸቴን እያወቁ ብድግ አሉ። ጣሳውን ሞልተው ሰጡኝና እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ። "ቀስ እያልሽ ልጄ፣ እንዳያንቅሽ" አሉኝ። እኔ ስጠጣ እሳቸው አለቀሱ።

አሁን እንደ እኔ ያለ ሌላ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ብታይኝ ሜዳው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፣ ጥግ ጥጉን ነው የምጽፈው። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ መንትዮቹንም። እናቴ ቤት ጎራ ብለሽ ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝ። ለካ እሷንም የጠየቃት የለም።

ጓደኛሽ ጎራታ