አባ ገብረ ሚካኤልና የመቅደሱ ሽቦ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ዋሴ።

እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እማዬን ሳሏ ተሻላት? ገብሱ ታጨደ ወይስ ውርጭ ቀደማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁና ከደባርቅ ቁር በቀር ምንም አልሆንኩ፤ ምስጋና ለፈጣሪ።

እስከ ገና ሥራ ካልያዝሽ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ጃናሞራ ተመለሺ፣ ሴት ልጅን ከሽቦ ጋር ምን ያገናኛታል ያሉኝን አልረሳሁም። ስለዚህ የሆነውን ሳልቀንስ ልጻፍልዎት፤ ከሌላ ሰው ሰምተው ከሚቆጡ ከእኔው ይስሙት።

ለንግሥ ሁለት ቀን ሲቀረው የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ መብራት ጠፋ። የቀድሞው የመብራት ሠራተኛ ዲያቆን ስለነበር ራሱ ገብቶ ይሠራው ነበር፤ አሁን ባሕር ዳር ሄዷል። እኔ ደግሞ መቅደስ አልገባ ነገር! የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ያርጋል ከጎንደር ሰው እናስመጣ ሲሉ አለቃው አባ ገብረ ሚካኤል ቀድመው እኔን አስጠሩኝ። መላ አላጣሁም። ከመቅደሱ የሚወጡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው። አባ ገብተው አምፖሉን አውርደው፣ ውስጥ ያለውን ጫፋቸውን አንድ ላይ ቢጠመዝዙልኝ፣ እኔ ውጪ ሆኜ መለኪያዬን ሳስነካ ጢጥ ካለ ሽቦው ደህና ነው፤ ዝም ካለ ተበጥሷል።

መብራቱን ከዋናው አጠፋሁና አባ ገቡ። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው፤ ሽቦን የሚፈሩት እንደ እባብ ነው። እሳቸው ከመጋረጃው ወዲያ ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ በሴቶች በር ቆሜያለሁ፣ መለኪያው ዝም። ሽቦው የሚያልፈው ሥዕል ባለበት ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ተበጥሷል ብዬ ላስፈርሰው ምንም አልቀረኝም። ኋላ እንዴት አድርገው እንዳገናኙት ብጠይቃቸው፣ ለካስ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል! ሽቦ ለሽቦ ካልተነካካ አይሆንም አልኳቸው። ጠመዘዙት፤ ጢጥ አለ። አባ ከውስጥ ተመስገን ሲሉ እኔ ከውጪ እልል አልኩ።

ሽቦው ደህና ከሆነ፣ አምፖሉም ሌላ ቦታ ሲበራ አይቼዋለሁና፣ ጥፋቱ ውጪ ያለው የማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ እሱን ቀየርኩ። የጠመዘዙትን ይፍቱና አምፖሉን ይመልሱት ብያቸው ነበር፤ በደስታ ረስተውት ወጡ። እኔም መብራት ከመልቀቄ በፊት ደግሜ መለካት ሲገባኝ ቸኮልኩ። ማብሪያውን ስጫን ጧ አለ። የግቢው መብራት ሁሉ ድርግም፤ አቶ ያርጋል ስለ ንግሡ የሚናገሩበት ድምፅ ማጉያም ጸጥ።

አባባ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ያርጋል እኔ ብዬ አልነበረም ወይ እያሉ መጡ። አባ ግን መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ ፊት ወጥተው፣ «ይፍቱት ብላኝ ነበር፤ የረሳሁት እኔ ነኝ» አሉ በሕዝቡ ፊት። የለም፣ ደግሜ ያልለካሁት እኔ ነኝ አልኩ። የእኔ ነው፣ የለም የእኔ ነው ስንባባል አቶ ያርጋል የሚቆጡት ሰው አጡ። ከዚያ ተፈታ፣ አምፖሉ ተገጠመ፣ በራ።

አሁን ከዳባት አንድ ደብር የመቅደሱን መብራት ሥሪልን ብለው ልከውብኛል፤ ከእሱ ቀጥሎም ሁለት ቤት ይጠብቀኛል። ስለዚህ በገና የምመጣው ልጠይቃችሁ ነው እንጂ ልቀር አይደለም፤ እባክዎን እሺ ይበሉኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜ አንዱዓለም እንዴት ነው? አክስቴን ሸጊቱን፣ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። አባ ገብረ ሚካኤልም ሰላም ብለዋችኋል። ዳባት ሽቦ የሚይዝልኝ ቄስ አላጣም ብላቸው ተቆጡኝ፤ እነሱ መጠምዘዝ የት ያውቃሉ ብለው፣ አብረውኝ ሊሄዱ፣ ኤሌክትሪክ እንዳይይዛቸው የጎማ ጫማ ገዝተዋል። ለአባትሽ ስትጽፊ ረዳትሽ መሆኔን እንዳትረሺ ብለዋል።

ልጅዎ ስጦታ ዋሴ
ደባርቅ፣ ኅዳር 24 ቀን 2012 ዓ.ም.