ወደ ቀኝ ስታጠፍ

የካቲት 3
እህቴን ለእግሯ ሕክምና ወስጄ መለስኳት። ከሆስፒታሉ በር ወደ ቀኝ ስታጠፍ መኪናዋ ቋ... ቋ... ቋ አለች። ቀጥ ብዬ ስነዳ ዝም። ድንጋይ ረግጬ ይሆን? ወርጄ ጎማዎቹን አየሁ። ምንም።

የካቲት 5
ዛሬም ያው። መሪውን በጠመዘዝኩ ቁጥር... በተለይ ወደ ቀኝ።

ለልጄ በስልክ ነገርኩት። ሳቀ። "እማዬ፣ መኪናዋም አንቺም ማረፊያችሁ ደርሷል" አለኝ። ሹፌር እቀጥርላችኋለሁ ይላል። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ እንጂ ሞትኩ እንዴ? ታናሼ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እኔው ነኝ የማመላልሳት። ሹፌር ቢመጣ የእሱን ሰዓት ልንጠብቅ፣ ወሬያችንን በእሱ ፊት ልንውጥ... አይሆንም።

የካቲት 8
ልጄ ሳይነግረኝ መካኒክ ይዞ ከች አለ። መካኒኩ በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። "ምንም የለባትም" አለ፣ ለልጄ። መኪናዋ የማን ሆና ነው?

"አዙረህ ሞክራት እንጂ።"

"እማማ፣ መኪና ሲያረጅ ይንቋቋል" ብሎኝ እጁን ጠረገ።

ልጄ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። "እውነት ትሰሚዋለሽ ወይስ ይመስልሻል?" አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ የሰውን ትንፋሽ ስለይ የኖርኩትን! እስከ ወሩ መጨረሻ ቁልፉን አስረክቢኝ ብሎኝ ሄደ።

ያሳረረኝ ቁልፉ አይደለም። "ይመስልሻል" የምትለዋ ናት።

የካቲት 9
እሑድ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ባዶ ነበር። እህቴን ከነከዘራዋ አጠገቤ አስቀምጬ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ክብ ሠራሁ። ወደ ግራ... እምብዛም። ወደ ቀኝ፣ ነዳጅ ጨመር አድርጌ... ቋ ቋ ቋ።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ እንጂ፣ ደንቆሮ አይደለሁ።"

ጉንጯን ብስማት ደስ ባለኝ። የሜዳው ዘበኛ ቆሞ ያየናል። ሁለት አሮጊት በባዶ ሜዳ ስንሽከረከር... ምን ይበል?

"ከቀኙ ጎማ ነው" አልኳት።

"ኧረ ከግራው ነው እትዬ፣ እዚያው አንቺ እግር ሥር።"

እስከ ቤት ተነታረክን።

የካቲት 10
መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ፣ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ፣ በሆዴ ተኛሁ። በስልኬ መብራት ከቀኙ ጎማ ጀርባ አየሁ። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የላስቲክ ሽፋን፣ ጎሚኒ የሚሉትን፣ ለብሷል። ደህና ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም።

ተስፋ ቆርጬ ልገባ ስል እህቴ ከበረንዳው በከዘራዋ ወደ ግራው ጎማ ጠቆመች። እልህ ይዞኝ እዚያም ተኛሁ።

ጎሚኒው ዙሪያውን ተቀዷል። ግራሶው ወጥቶ የጎማውን ውስጥ ለቅልቆታል። አሸዋ ገብቶበታል... በጣቴ ስዳስሰው ይንኮሻኮሻል።

እንግዲያው ድምፁ እውነት ነው። አልመሰለኝም! ግን ከግራ ከሆነ ለምን ከቀኝ መጣልኝ?

የካቲት 11
እህቴን ከጓዳ ሆነሽ ደውይልኝ አልኳት። ስልኩን በግራ ጆሮዬ ያዝኩት። ዝም። ወደ ቀኝ ሳዞረው "ሃሎ፣ እትዬ፣ ተኛሽ እንዴ?" ትላለች።

ግራው ሄዷል። መቼ? ሁልጊዜ በቀኝ ስለማነሳ ልብ አላልኩም። ለካ የዓለም ድምፅ ሁሉ ከአንድ ወገን ነው የሚመጣልኝ።

ልጄ ቢያውቅ ዛሬውኑ ቁልፉን ይወስዳል... ቆይ። መኪናዋ ትቅደም።

የካቲት 13
ቀስ ብዬ ነድቼ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። ብቻዬን። ሠራተኞቹ ቦርጮ የሚሉት መካኒክ ወጣ።

"ምን ሆነች?"

"የግራው ጎሚኒ ተቀዶ፣ የዘንጉ መጋጠሚያ አሸዋ ገብቶበታል።"

"ማን ነገረዎት?"

"ሥሯ ተኝቼ አየሁት። ቀጥ ብለህ እንዳትነዳት ደግሞ፣ አዙራት።"

ግቢው ውስጥ አዞራት። ቋ ቋ ቋ። ወርዶ "ልክ ነዎት" አለኝ። ለእኔ ነው ያለው፣ ለማንም አይደለም።

ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ በግራው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ነው የሚጮኸው አለኝ። ጎሚኒ ብቻ ቢቀየር ድምፁ እንደማይጠፋም አስረዳኝ። ብረቱ ተበልቷል። ቢላቀቅ ሞተሩ ይሠራል እንጂ መኪናዋ መሐል መንገድ ላይ ንቅንቅ አትልም። ዘንጉ ከነመጋጠሚያው ተቀየረ። ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ አየሁ። አሮጌውን ብረት በፌስታል አስጠቅልዬ ይዤ መጣሁ።

ወደ ቀኝ ታጠፍኩ... ጸጥ። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አልፌ አንድ ዙር ጨመርኩ። እንዲሁ።

የካቲት 15
ልጄ መጣ። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በእጁ አጠፍ ሲያደርገው ተንቋቋ።

ቢከብደኝም የቀረውን ራሴ ነገርኩት። "ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሰኞ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።"

"እኔ እወስድሻለሁ።"

"ራሴ እሄዳለሁ። ሐኪሙ አትንጂ ካለኝ ቁልፉን በእጄ እሰጥሃለሁ። አንተ ስላልክ ግን አይደለም።"

ብረቱን እያገላበጠ፣ "ይመስልሻል ማለት አልነበረብኝም" አለ።

"አልነበረብህም" አልኩት። አላቀለልኩለትም።

መጋቢት 6
ሐኪሙ ንጂ ብሎኛል፣ የግራውን መስታወት ደጋግመሽ እያየሽ። ግራ ጆሮዬ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ማዳመጫ ተሰክቷል። ፍሬቻው ለካ እንዲህ ይጮሃል? እህቴ ደግሞ ስነዳ ታንጎራጉራለች፣ ያውም ዜማ እየሳተች። ሁሉን መስማትም መከራ አለው።

ልጄ ጠዋት ደወለ። "እሺ እማዬ፣ ንጂ። ዝናብ ሲዘንብ ግን ቤትሽ ሁኚ" አለኝ።

ከሰዓት ዘነበ። ወጣን።